በአውራ ጣቴ የፈረምኩት ምስክርነት

ለክቡር ሚስተር ዋልተር ሃርግሮቭ ሦስተኛው
የሃርግሮቭ ሞተር ኩባንያ ፕሬዚዳንት
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ለባለቤቴ ለአቶ ተገኝ ሞት ተጠያቂ ነው ብዬ የማምነው ሰው እርስዎ ስለሆኑ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ዓይንዎ ደኅና ነው? ልጆችዎና የልጅ ልጆችዎስ? እኔ፣ ከቆመ መኪና ኋላ ማለፍ ካለመቻሌ በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ መጻፌ ንቀት እንዳይመስልዎት እለምናለሁ። ኩባንያዎ ለሕይወታችን የሚያስፈልገውን ነገር ከአራት ዓመት በፊት በማላነበው ቋንቋ ጽፎ ስለላከልን፣ የትልልቅ ሰዎች ወግ እንዲህ መስሎኝ እኔም ወጉን ጠብቄአለሁ። ደብዳቤው የሚታተመው በአትላንታ በሚገኘው የማኅበራችን መጽሔት ላይ ነው። መጽሔቱ ሲወጣ ማንበብ ለማይችሉት ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ይነበብላቸዋልና፣ እርስዎም ቢመጡ ወንበር አይጠፋም።

የምጽፍልዎት ያለ ምክንያት አይደለም። ጠበቃዎ ባለፈው ወር በጣም ትሑት ደብዳቤ ልከውልኛል። ሌሎች የመኪናዎ ባለቤቶች ኩባንያዎን ከስሰው ኖሮ፣ እኔ ባለቤቴ በሞተ በዐሥረኛው ቀን የሰጠሁት ቃል ለኩባንያዎ ትልቅ ድጋፍ እንደሚሆን፣ ስለዚህም ያንኑ ቃል ዳኛ ፊት ቀርቤ እንዳጸናው ጠይቀውኛል። ቃሌ በአጭሩ፣ ጥፋቱ የመኪናው ሳይሆን መኪናችንን ነድታ ያቆመችው የፀሐይነሽ ነው የሚል ነው። መልሴን ከመስጠቴ በፊት ግን ያለብኝን ምስጋና በተራ በተራ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፣ ስለ መጽሐፍዎ አመሰግናለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ስምንት ዓመቴ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት፣ በሆስፒታል አስታማሚነት የምትሠራ የምሥራች የምትባል ልጅ ነጭ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ከሥራ እየመጣች አስተምራኝ ነው። መጀመሪያ ሀሁን፣ ቀጥሎም የእንግሊዝኛውን ፊደል አስቆጠረችኝ። በእንግሊዝኛ ከዳር እስከ ዳር አንብቤ የጨረስኩት የመጀመሪያው መጽሐፍም ታከር ከተማ ያለው መኪና ሻጭዎ ለገባ ለወጣው በነጻ የሚያድለው የኩባንያዎ የሰባ አምስት ዓመት ታሪክ ነው። አንድ ሙሉ ክረምት ፈጅቶብኛል። አያትዎ በኢንዲያና የገበሬ ጋሪ ይሠሩ እንደነበር፣ ከዚያም ወደ መኪና እንደተሸጋገሩ፣ በሁለቱም የዓለም ጦርነት ለሠራዊቱ የጭነት መኪና እንዳቀረቡ፣ አባትዎም በበኩላቸው እንደ ዓሣ ክንፍ ያላቸው ረጃጅም መኪናዎች እንደሠሩ ተምሬአለሁ። የፋብሪካው ዘበኛ የነበረው ውሻ ስሙ ተጽፏል፤ በስንት ዓመቱ እንደሞተም ተጽፏል። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1976 በኋላ ግን መጽሐፉ አንድ ገጽ ሲገለጥ በቀጥታ 1984 ይገባና ስለ «አዲስ ዘመን» ያወራል። የእኛ መኪና የተሠራው በ1978 ነው፤ ባለቤቴ የሞተው በ1983 ነው። የምሥራች ደግ ልጅ ስለሆነች «እማማ፣ አንድ ቅጠል ተገንጥሎ ይሆናል» አለችኝና የገጹን ቁጥር አብረን ቆጠርን። የተገነጠለ የለም። ስምንት ዓመት ሙሉ በኩባንያዎ ምንም ነገር አልሆነም ማለት ነው፤ በእኛ ቤት ግን ሆኗል።

ሁለተኛ፣ ስለ አያትዎ ድፍረት አመሰግናለሁ፤ ለዚህ ግን ስለ ባለቤቴ ጥቂት ልነግርዎት ይገባል።

ተገኝ በአገሩ ሃያ ሁለት ዓመት ከአሰብ አዲስ አበባ ተሳቢ የነዳ ሰው ነበር። የዚያ መንገድ ሾፌሮች አንድ ሕግ አላቸው። የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ማርሽ ይግባ፣ ቁልቁለት ላይ የቆመ መኪና ጎማው ሥር ድንጋይ ካልተደረገለት እንደቆመ አይቈጠርም። ድንጋዩን ታኮ ይሉታል፤ ታኮ ማድረግም የረዳቱ ሥራ ነው። እዚህ ስንመጣ የመንጃ ፈቃድ ፈተናው በጽሑፍ ሆነና ያ ሁሉ ገደል ያላስፈራው ሰው ወረቀት ጣለው። ስለዚህ መኪናችንን የምትነዳልን ፀሐይነሽ ሆነች። ከእኛ ጋር ከሱዳን የመጣች፣ እንደ ልጃችን የምናያት፣ እንግሊዝኛም መንዳትም ከሁላችን ቀድማ የለመደች ሴት ናት። ተገኝ ከጎኗ ይቀመጣል። ስትቆም ወርዶ፣ በጆንያ ጠቅልሎ የሚይዛትን ድንጋይ ከኋላ ጎማ ሥር ያደርጋል። በስተርጅናው ለገዛ መኪናው ረዳት ሆነ፤ አላፈረበትም።

ሌሎቹ ግን አፈሩበት። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ «ጋሽ ተገኝ፣ አሜሪካን አገር ድንጋይ ጠፍቶ ነው ተሸክመው የመጡት?» ይሉታል። «ኧረ ማርሹን ፒ የሚለው የማቆሚያ ፊደል ላይ ካደረጉት አይንቀሳቀስም፤ አውቶማቲክ እኮ ነው!» ይሉታል። እርሱም ድንጋዩን በእግሩ ጠበቅ እያደረገ «እናንተ ፊደሉን እመኑ፤ እኔ ድንጋዩን አምናለሁ» ይላቸው ነበር።

በኅዳር ወር፣ ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ ከዶራቪል ዱቄትና ምስር ገዝተው መጡ። የቤታችን መግቢያ አቀበት ነው። ፀሐይነሽ ወደ ራሷ ቤት ልትቀጥል ስለነበር ሞተሩን ሳታጠፋ ወርዳ ከረጢቱን አነሣች። ተገኝ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን ታኮ ሳያደርግ አይሆንለትምና ድንጋዩን ይዞ ከኋላ ጎንበስ አለ። መኪናው ያለ ሰው ወደ ኋላ ሄደበት።

በመጽሐፍዎ ዘጠነኛ ገጽ ላይ አያትዎ በ1909 ሕዝብ ሰብስበው፣ የመጀመሪያውን መኪናቸውን አቀበት ላይ አቁመው፣ ፍሬኑ እንደማይከዳ ለማሳየት ከመኪናው ኋላ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። ሁለቱም፣ የእርስዎ አያትና የእኔ ባል፣ ከሃርግሮቭ መኪና ኋላ ቆመዋል። አያትዎ ግን አስቀድመው ፎቶ አንሺ ጠርተው ነበር። ከእርሳቸው በኋላ ከቤተሰብዎ ማን እዚያ ቦታ ላይ እንደቆመ መጽሐፉ አይናገርም።

ሦስተኛ፣ ስለ ማስጠንቀቂያዎ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ከመሞቱ ሰባት ወር ቀደም ብሎ፣ በወርቅ ቀለም የጋሪ ጎማ የታተመበት ወፍራም ፖስታ ወደ ቤታችን ልካችሁ ነበር። እኔም ተቀብዬዋለሁ። በስደተኞች ጣቢያ የኖረ ሰው እንደሚያውቀው፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት የሚጠፋበት ሰው ራሱም ይጠፋል። ወረቀት ለማንበብ አይደለም፤ ሲጠየቁ ለማሳየት ነው። ስለዚህ ፖስታውን ሳልከፍት በላስቲክ ጠቀለልኩና ከክትባት ካርዳችንና ከጉዞ ወረቀታችን ጋር በሻንጣ ውስጥ ቆለፍኩበት። መንግሥት መስሎኝ ነበር፤ የጠየቀኝ ዕለት አሳየዋለሁ ብዬ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም።

የከፈትኩት ባለፈው ዓመት፣ ማንበብ ስለማመድ፣ የማነበው ቢያልቅብኝ ነው። መዝገበ ቃላት ይዤ አራት ቀን ተቀመጥኩበት። በሦስተኛው ቀን፣ የማርሹ ዘንግ ፒ ላይ የገባ መስሎ ሳይገባ ሊቀር እንደሚችል፣ ሞተሩ እየሠራ ከሆነም መኪናው በራሱ ወደ ኋላ ሊሄድ እንደሚችል አነበብኩ። በአራተኛው ቀን፣ ሞተሩን እንድናጠፋ፣ የእጅ ፍሬን እንድንይዝ፣ ከመኪናው ኋላም እንዳንቆም የተሰጠንን ምክር አነበብኩ። ከሥሩ ይህንኑ የሚያሳስብ የመዳፍ ስፋት ያለው ተለጣፊ ወረቀት ነበረ፤ መኪናው ውስጥ እንድንለጥፈው። ክቡር ሆይ፣ ሃያ ኩንታል የሚመዝን ብረት መዳፍ በምታክል ወረቀት መጠገን መቻላችሁን ሳስብ እጅግ ይደንቀኛል። ባለቤቴም የእናንተ መሐንዲሶች በአራት ገጽ የጻፉትን በአንድ ድንጋይ ሲናገር እንደኖረ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። እርሱ ይናገር በነበረበት ወቅት የተጻፈው ደግሞ ከአልጋችን ሥር ባለው ሻንጣ ውስጥ ነበር። ሰባት ወር ተኝቶበታል። ሻንጣው እስከ ዛሬ እዚያው ነው፤ እኔ ግን አልጋው ላይ መተኛት ትቼ ሶፋው ላይ ነኝ።

አራተኛ፣ ብቻዬን እንዳልሆንኩ ስላስታወሳችሁኝ አመሰግናለሁ። በምሠራበት ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል አብረን አንሶላ የምናጥፍ ሚስ ሉዊዝ የምትባል የአትላንታ ተወላጅ አለች። የእርሷም ሃርግሮቭ አንድ እሑድ ጠዋት ቆሞ ሳለ በራሱ ተነሥቶ፣ በገዛ ግቢዋ ውስጥ ወደ ኋላ እየዞረ፣ ነዳጁ እስኪያልቅ ድረስ ጽጌረዳዋን በሙሉ አረሰላት። ቤተሰቡ ሁሉ በረንዳ ላይ ቆሞ ከማየት በቀር ማንም ሊጠጋው አልቻለም። «ውስጡ ሰው አለ» ብላኛለች፣ አንሶላውን በዚያኛው ጫፍ ይዛ። «እናቴ ትሆናለች፤ በሕይወቷ መንዳት አትችልም ነበርና አነዳዱ የእርሷ ነው።» ስቀናል። ከዚያ አንሶላውን ሁለት ጊዜ ደጋግመን አጠፍነው።

አምስተኛ፣ ስለ ወኪልዎ ትሕትና አመሰግናለሁ። ባለቤቴ በተቀበረ በሳምንቱ ግራጫ ሱፍ የለበሰ ሰው አስተርጓሚ ይዞ መጣ። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ፤ ይህን እስከ ዛሬ አልረሳለትም። ሐዘኔ ሐዘኑ እንደሆነ ነገረኝ። ከዚያም አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ። ፀሐይነሽ ከመኪናው ስትወርድ፣ ማርሹ ወደ ኋላ ሲገባ የሚበራው ነጭ መብራት በርቶ አይተሻል ወይ? በርቶ ከነበረ ማርሹን በስሕተት አር በሚለው የኋላ ማርሽ ላይ ትታዋለች ማለት ነው፤ መኪናው ነጻ ነው።

አዎ፣ አይቻለሁ አልኩ። ሰማያዊ ቀለም አቀረበልኝ፤ አውራ ጣቴን አሳረፍኩ።

አላየሁም ነበር። ወጥ ቤት ውስጥ ጀርባዬን ለመስኮቱ ሰጥቼ ቆሜ ነበር። ዘወር ያልኩት ድምፁን ስሰማ ነው፤ ዘወር ስል ደግሞ ያየሁት መብራት አይደለም። ታዲያ ለምን አየሁ አልሽ ብለው እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ፤ ወኪልዎ ግን አልጠየቀኝም። ብረት አይረገምም። ስሙን ጠርተው ቢያለቅሱበት ብረት አያፍርም፣ አንገቱን አይደፋም። ፀሐይነሽ ግን አጠገቤ ነበረች፣ ፊት ነበራት፣ ደግሞም ትፈራ ነበር። የምጠላው ሰው አስፈለገኝና ወኪልዎ ጫማውን አውልቆ አመጣልኝ።

ስድስተኛ፣ ስለ መብራቱ አመሰግናለሁ። ያላየሁት ያ ነጭ መብራት አውራ ጣቴን ካሳረፍኩበት ቀን ጀምሮ ተለይቶኝ አያውቅም። መኪናችንን ለምርመራ ብለው ጎትተው ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲህ ዓይኔ አላረፈበትም። ነገር ግን በታከር የገበያ አደባባይ፣ በሆስፒታሉ መኪና ማቆሚያ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ የአንድ መኪና ኋላ ነጭ ባበራ ቁጥር ተገኝ ከሥሩ ጎንበስ ብሎ አየዋለሁ፤ ጆንያውን በግራ እጁ ይዟል። እጮኻለሁ። የማላውቃቸውን ሰዎች ክንዳቸውን ይዤ እጎትታለሁ። አንዲት እናት ሕፃን በጋሪ ይዛ ስታልፍ ጎትቻት ጠባቂ ጠርታብኛለች። ምን ብዬ ላስረዳት? የሚያሳድደኝ የሆነው ነገር ቢሆን በጸሎት ይለቀኝ ነበር ይሆናል። እኔን የሚያሳድደኝ የዋሸሁት ነው።

ፀሐይነሽንም የሚያሳድዳት እርሱው ኖሯል። ቃሌ በአገሩ ሁሉ ስለተሰማ ሰው ሸሻት። በአርባው፣ ለተዝካሩ የሠራችውን ወጥ ክዳኑ ሳይነሣ መለስኩባት። ከቤተ ክርስቲያናችን ቀረች፣ መንዳት ተወች፣ ዶራቪል ከሚገኝ አንድ ግሮሰሪ በእግሯ እየሄደች ትሠራለች። የጠበቃዎ ደብዳቤ በደረሰኝ በሦስተኛው ቀን በአውቶቡስ ሄጄ በሯን አንኳኳሁ። ስታየኝ የምሰድባት መስሏት ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች፤ ከዚያም «ይግቡ፣ እትዬ የሺ» አለችኝ። ያላየሁትን አየሁ ብዬ እንደመሰከርኩባት ነገርኳት። የሰማሁትን ደግሞ እንደደበቅኩባት ነገርኳት። ያን ቀን ባለቤቴ ድንጋዩን ይዞ ወደ ኋላ ሲሄድ፣ እርሷ እየሳቀች «ጋሼ፣ ፒ ላይ ነው እኮ!» ስትል በክፍቱ መስኮት ሰምቻታለሁ። እጇ ከማርሹ ከተነሣ ገና ዐሥር እስኪቈጠር እንኳ አልሆነም ነበር።

ከዚያም «እኔ እንዲያ አልኩ?» ብላ ጠየቀችኝ። ብላለች አልኳት። «ያልኩ አይመስለኝም ነበር» አለች። «እርስዎ መብራቱን አይቻለሁ ካሉ በኋላ እኔም ማየት ጀመርኩ። አር ላይ የተውኩት እጄን አየዋለሁ። አራት ዓመት ሙሉ እጄን ሳየው ነው የኖርኩት።» መዳፏን ገልብጣ አየችው፤ እኔም አየሁት። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም፤ እኔም አልለመንኳትም። ውኃ ሰጠችኝ፤ ጠጣሁና ወጣሁ።

ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ ለጠበቃዎ ትሑት ጥያቄ መልሴ ይህ ነው። በ1983 የሰጠሁት ቃል ሐሰት ነው። ያየሁት ነገር የለም፤ የሰማሁት ግን አለ፤ እርሱንም የጠራኝ ዳኛ ፊት ቀርቤ እናገራለሁ። የኩባንያዎን ፖስታም ይዤ እቀርባለሁ፤ እነሆ፣ የሚጠይቀኝ ተገኝቷል። ሌሎቹ ባለቤቶች በክሳቸው ቢሸነፉም እንኳ፣ የፀሐይነሽን ስም ከዚያ ወረቀት ላይ ሳላስነሣ አልሞትም።

የአምላክ ቸርነት ከቤትዎ እንዳይለይ፣ ደረጃዎ አቀበት፣ መንገድዎም ሜዳ እንዲሆንልዎት እየተመኘሁ፣ ያጎደልኩት አክብሮት ቢኖር ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነውና ይለፉኝ ስል እጅ እነሣለሁ።

ይህን በገዛ እጄ የጻፍኩ፣ ያነበብኩና የፈረምኩ፣
የሺእመቤት ዘገዬ
ፓይን ሌክ፣ ጆርጂያ
እ.ኤ.አ. 1987

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ፀሐይነሽ፣ ዶራቪል

ማስታወሻ፦ ጠበቃዎ ቃሌን የቀየርኩ እንደሆነ ዳኛው እንደ ውሸታም ሊቈጥሩኝ እንደሚችሉ በጥንቃቄ አስጠንቅቀውኛል። እውነታቸውን ነው፤ ውሸታም ነበርኩ። የዋሸሁባቸው አራት ዓመታት በሙሉ ኩባንያዎ አንድም ቀን ቃሌን አልተጠራጠረም፤ መጠራጠር የጀመረው እውነቱን ልናገር ስል ነው። ስላመናችሁኝ አመሰግናለሁ፤ ከእንግዲህ ግን አልዋሽልዎትም።